ቪኤስ ኮድ የውጭ ማነጻጸሪያዬን ለምን አይከፍትልኝም?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ዊንዶውስ ላይ በቪኤስ ኮድ ነው የምሰራው። ፋይል ለማነጻጸር ቢዮንድ ኮምፔርን ጫንኩና ጊት ኮንፊግ ላይ የዲፍ ቱሌ እሱ እንዲሆን ጻፍኩ። ቪኤስ ኮድ ውስጥ የተቀየረ ፋይል ስነካ ግን አሁንም የራሱን መስኮት ነው የሚከፍተው። ከተርሚናል ስሞክር አንዳንዴ በትክክል ይከፈታል፤ አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ጎን ባዶ ይሆንና ፋይሉ የለም ይለኛል። ሌላም አለ። የአማርኛ ትርጉሞቻችንን የያዘ አንድ የጄሰን ፋይል አለን። ሁለት መስመር ብቻ ቀይሬ ተርሚናሉ 400ውም መስመር ተቀይሯል ይላል። ቪኤስ ኮድ ግን ሁለቱን ብቻ ያሳየኛል። የቱን ልመን? የሙከራ ጊዜዬም ሊያልቅ ነው። ኤዲተር ልቀይር ወይስ ሌላ ቱል ልፈልግ? እባክዎ ይርዱኝ።»

ኤዲተር አትቀይር። አንድ ችግር የመሰለህ ነገር ሦስት የማይገናኙ ጉዳዮች ተደራርበው ነው። ለየብቻ ሲታዩ ሦስቱም መፍትሄ አላቸው። ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነገሩ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የሚተየቡት ግን በላቲን ፊደል ነው።

ከክሊኩ እንጀምር። ቪኤስ ኮድ ራሱ የውጭ ማነጻጸሪያ የሚመረጥበት ሴቲንግ የለውም። ሶርስ ኮንትሮል ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ፋይል ስትነካ የቀድሞውን ቅጂ ከጊት (የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ ከሚይዘው ፕሮግራም) ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ልዩነቱን የሚያሰላውም የሚያሳየውም ራሱ ነው። ኮንፊግህ ላይ የጻፍከውን የዲፍ ቱል፣ ማለትም የማነጻጸሪያ፣ ስም ጭራሽ አያየውም። ስለዚህ የጻፍከው ትክክል ቢሆንም ያቺ ክሊክ ቢዮንድ ኮምፔርን አትከፍትም። ለዚህ ብለው ኤክስቴንሽን የሚጭኑ አሉ። ይሰራል። ነገር ግን ኤዲተሩ በተሻሻለ ቁጥር ይሰራ ይሆን እያሉ የሚከታተሉት ሌላ ዕቃ መጨመር ነው። እኔ አልመክረውም።

ተርሚናሉም ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ጊት ዲፍ» እና «ጊት ዲፍቱል» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ልዩነቱን እዚያው ተርሚናሉ ላይ በጽሑፍ ይዘረዝራል። የመረጥከውን ባለ መስኮት ፕሮግራም የሚጠራው ሁለተኛው ነው። «ዲፍ ነጥብ ቱል» ብለህ የጻፍከው ኮንፊግም የሚያገለግለው ለዚሁ ለሁለተኛው ብቻ ነው።

ይህን ሳያውቁ «ጊት ዲፍ ለምን አልተቀየረም?» ብለው «ዲፍ ነጥብ ኤክስተርናል» የሚለው ቦታ ላይ የፕሮግራሙን አድራሻ የሚያስገቡ አሉ። እዚያ እንዳትገባ። በዚያ በኩል ጊት ለፕሮግራሙ የሚሰጠው ሁለት ፋይል ብቻ አይደለም። የፋይሉ ስም፣ የድሮው ቅጂ፣ የአዲሱ ቅጂ፣ የሁለቱም መለያ ቁጥርና የፈቃድ ዓይነት ተደምሮ ሰባት ነገር ነው የሚያቀብለው። ሁለት ፋይል የሚጠብቅ ፕሮግራም ሰባት ሲመጣበት ወይ ስህተት ይላል፣ ወይ የማይገናኝ ነገር ይከፍታል። ያ ቦታ የተዘጋጀው እንደ ዲፍታስቲክ ላሉ፣ ያንን አቀራረብ ለሚያውቁ ቱሎች ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ማነጻጸሪያህን የምታስተዋውቀው ከኤዲተሩ ጋር ሳይሆን ከጊት ጋር ነው። ጊት አንዴ ካወቀው ከቪኤስ ኮድ ተርሚናልም ጥራው፣ ከሌላ ተርሚናልም ጥራው፣ ይመጣል። ነገ ኤዲተር ብትቀይርም ኮንፊግህ አብሮህ ይሄዳል። ትልቁ ቪዥዋል ስቱዲዮም የጊትን ኮንፊግ ነው የሚከተለው። ኢንቴሊጄ ግን የራሱ ቦታ አለው። ሴቲንግስ ውስጥ ቱልስ፣ ከዚያ ዲፍ ኤንድ መርጅ፣ ከዚያ ኤክስተርናል ዲፍ ቱልስ ትገባና የፕሮግራሙን አድራሻ እዚያ ትሰጠዋለህ። የፋይሎቹ ቅደም ተከተል ከቱል ቱል ስለሚለያይ ኢንቴሊጄ ላይ የምትሰሩ ሰዎች ያንን ሳታረጋግጡ አትዝጉት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አዲሱን እንደ አሮጌ እያያችሁ ነው የምትሰሩት።

ባንተ ማሽን ላይ የሚጻፈው ጥቂት ነው። «ዲፍ ነጥብ ቱል» እና «መርጅ ነጥብ ቱል» የሚሉትን ሁለቱንም «ቢሲ» በላቸው። ቢሲ ጊት ቢዮንድ ኮምፔርን የሚጠራበት ስም ነው። ጊት ብዙዎቹን የታወቁ ማነጻጸሪያዎች በስማቸው ስለሚያውቃቸው ለእያንዳንዳቸው ረጅም ትእዛዝ መጻፍ አያስፈልግም። «ጊት ዲፍቱል» ብለህ «ቱል ሄልፕ» የሚለውን ብትጨምርበት የሚያውቃቸውን ሁሉ፣ ከእነሱም ማሽንህ ላይ ያገኛቸውን ለይቶ ያሳይሃል። ኢንተርኔት ላይ ካገኘኸው አሮጌ ጽሑፍ ግማሽ ገጽ ኮንፊግ ኮፒ አድርገህ ከሆነ አጥፋው። ከዚያ «ዲፍቱል ነጥብ ቢሲ ነጥብ ፓዝ» እና «መርጅቱል ነጥብ ቢሲ ነጥብ ፓዝ» በሚሉት ላይ የፕሮግራሙን አድራሻ ስጥ። ሁሉንም ግሎባል አድርጋቸው፤ አለበለዚያ አንድ ፕሮጀክት ላይ ሰርቶ ሌላው ላይ እምቢ ይልሃል።

ሁለተኛው ጉዳይህ የሚፈታው እዚችው አድራሻ ላይ ነው። አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ባዶ ይሆናል ያልከው የዘፈቀደ ነገር አይደለም። ቢዮንድ ኮምፔር ከተጫነበት ፎልደር ውስጥ ሁለት የሚመሳሰሉ ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ ቢኮምፔር ነው፤ ዋናው ፕሮግራም እሱ ነው። ሌላው ቢኮምፕ ነው፤ አጭሩ። አንተ ዋናውን የጻፍክ ይመስለኛል። ዋናው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አንድ ሆኖ ነው የሚሰራው። መስኮቱ ቀድሞ ክፍት ከሆነና ሁለተኛ ጊዜ ከተጠራ፣ አዲሱ ጥሪ ስራውን ለተከፈተው አስረክቦ ወዲያው ይወጣል። ጊት ደግሞ ፕሮግራሙ ሲወጣ «ሰውየው አይቶ ጨርሷል» ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ለንጽጽር ያዘጋጀውን ጊዜያዊ ቅጂ ይሰርዘዋል። አንተ ፋይሉ የለም የሚል መልእክት የምታየው ለዚህ ነው። መስኮቱን ዘግተህ ስትጠራው የሚሰራውም ለዚህ ነው። አጭሩ ፕሮግራም፣ ቢኮምፕ፣ ንጽጽሩን ዘግተህ እስክትጨርስ ድረስ ይጠብቃል። አድራሻውን ወደ እሱ ቀይርና ያ ችግር ያበቃል።

ይህ የቢዮንድ ኮምፔር ጠባይ ብቻ አይደለም። ራሱን ቪኤስ ኮድን የጊት ማነጻጸሪያ የሚያደርጉ ሰዎች «ዌይት» የሚለውን ማዘዣ ሲረሱ በትክክል ይኸው ነው የሚደርስባቸው። ማንኛውም በአንድ መስኮት የሚሰራ ፕሮግራም እንዲጠብቅ ካልተነገረው አይጠብቅም። ቱልህ ብልጭ ብሎ ከጠፋ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ጊትን እያስጠበቀው ነው ወይ?» የሚለውን ነው።

በክሊክ ሳይሆን በቁልፍ መክፈት ከፈለግክ ያለ ኤክስቴንሽን ይቻላል። ቪኤስ ኮድ ታስክ የሚባል ነገር አለው። አንድ ታስክ ትፈጥራለህ፤ ትእዛዙ «ጊት ዲፍቱል» ሆኖ፣ ማረጋገጫ እንዳይጠይቅ የዋይ ምልክት ይጨመርበታል፣ መጨረሻ ላይ አሁን የተከፈተውን ፋይል የሚወክለው ፋይል የሚለው ተለዋዋጭ ይገባል። ያንን ታስክ ከአንድ የኪቦርድ አቋራጭ ጋር ታያይዘዋለህ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ እንደዚህ ነው የምሰራው። ቀላሉን ልዩነት እዚያው ቪኤስ ኮድ ውስጥ አያለሁ፤ ከበድ ያለ ነገር ሲመጣ ቁልፏን እጫናለሁ።

አሁን መጠንቀቅ ያለብህ ነገር። ውጭ መስኮት ላይ ስታነጻጽር ልታርም ትችላለህ፤ ግን የምታርመው ምን እንደሆነ እወቅ። ገና ኮሚት ያልሆነ (በጊት ታሪክ ውስጥ ያልተመዘገበ) ለውጥ ስታይ በቀኝ በኩል ያለው ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ፋይልህ ነው። በግራ ያለው ጊዜያዊ ቅጂ ነው። በግራ የጻፍከው መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ሁለት የቆዩ ኮሚቶችን እያነጻጸርክ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ጎን ጊዜያዊ ነው፤ የቱም ላይ ብታርም ይጠፋል። ሙሉ ፎልደር በአንዴ የሚያነጻጽረው «ዲር ዲፍ» የሚባለው አማራጭ በጣም ጥሩ ነው፤ ቱልህ ያለው ትልቁ ጥቅም እንዲያውም እዚያ ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ጊት ፋይሎቹን ኮፒ አድርጎ ነው የሚያቀርባቸው። ስትዘጋ ያረምካቸውን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። መስኮቱ ክፍት እያለ ያንኑ ፋይል ቪኤስ ኮድ ላይ ካረምከው ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ጊት ማስጠንቀቂያ ጽፎ የኤዲተሩን ይተዋል፣ በውጭ መስኮት የሰራኸው ቦታው አይገባም። አንዱን ዘግተህ ነው ሌላው ላይ የምትሰራው።

ስለ መርጅ ኮንፍሊክት፣ ማለትም የሁለት ሰው ለውጥ ሲዋሃድ ስለሚፈጠረው ግጭት፣ አልጠየቅከኝም። ግን የውጭ ቱል ዋጋው የሚታየው እዚያ ስለሆነ ሳላነሳው አላልፍም።

ቪኤስ ኮድ ኮንፍሊክት ሲያገኝ ከመስመሩ በላይ የአሁኑን ተቀበል፣ የመጣውን ተቀበል የሚሉ ማስፈንጠሪያዎች ያሳያል። ፈጣን ናቸው። ጎጂ የሚሆኑትም ለዚያ ነው፤ ሁለቱን ብቻ ያሳዩሃል እንጂ ሁለታችሁም የተነሳችሁበትን የመጀመሪያውን ጽሑፍ አያሳዩህም። መነሻውን ሳታይ ማን ምን እንደቀየረ እንዴት ታውቃለህ? ባልደረባህ አንድ መስመር ጨምሯል ወይስ አንተ ነህ ያጠፋኸው? ሁለቱ ብቻ ሲታዩ መልኩ አንድ ነው። መነሻው ሲታይ ግን ጥያቄው በአንድ እይታ ይመለሳል። ባለ ሦስት ወገን መርጅ የሚባለው ይህ ነው። ቪኤስ ኮድም በ2022 ባለ ሦስት ወገን የመርጅ ኤዲተር አምጥቷል፤ ኮንፍሊክት ያለበት ፋይል ላይ ሪዞልቭ ኢን መርጅ ኤዲተር የሚለውን ስትጫን ይከፈታል። ምንም ቱል ባትጭን እንኳ ይህንን ተጠቀም። ከዚህ በተጨማሪ ጊት ላይ «መርጅ ነጥብ ኮንፍሊክትስታይል» የሚለውን «ዜድዲፍ3» አድርገው። ከጊት 2.35 ጀምሮ አለ። በፋይሉ ውስጥ ያለው የኮንፍሊክት ምልክት መነሻውን ጽሑፍም ይዞ ይመጣልሃል።

«ሎካል» እና «ሪሞት» በሚሉት ስሞች አትታለል። መርጅ ስታደርግ ሎካል ያንተ ነው፣ ሪሞት የሚመጣው። ሪቤዝ ስታደርግ (የራስህን ኮሚቶች በሌላ ብራንች፣ ማለትም በሌላ የስራ ቅርንጫፍ፣ ጫፍ ላይ እንደገና ስትደረድር) ግን ይገለበጣል። ሎካል የሚባለው ኮሚቶችህ የሚደረደሩበት ብራንች ይሆናል፤ የራስህ ኮሚት ሪሞት ተብሎ ይመጣል። ከዓመታት በፊት አንድ ቦታ ስሰራ በዚህ ምክንያት የባልደረባዬን የሁለት ቀን ስራ አጥፍቼ አውቃለሁ። የእሱን ላቆይ ብዬ በየቦታው ሪሞት የሚለውን መረጥኩ። ያቆየሁት የራሴን ነበር። ሁሉም ነገር ስለሰራ ማንም አላወቀም፤ እሱ ራሱ በሦስተኛው ቀን ነው የደረሰበት። ኮሚቱ ታሪክ ውስጥ ስለነበር አውጥተን መለስነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሪቤዝ ላይ ስም አላነብም። ይዘቱን አንብቤ ነው የምመርጠው። አንተም እንዲሁ አድርግ።

ሌላው ጥንቃቄ፦ «ጊት መርጅቱል» መስኮቱ ሲዘጋ አንዳንዴ ፋይሉ የተቀየረ አይመስልም፣ መርጁ ተሳክቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሳታነብ ዋይ አትበል። ዋይ ካልክ ፋይሉን እንደተፈታ ቆጥሮ ለኮሚት ያዘጋጀዋል፤ የኮንፍሊክቱ ምልክቶች ውስጡ እንዳሉ ሊሆን ይችላል። ከኮሚት በፊት «ጊት ዲፍ» ላይ «ካሽድ» እና «ቼክ» የሚሉትን ጨምረህ አስሂድ። የቀረ ምልክት ካለ መስመሩን ይነግርሃል። በመጨረሻው ኦሪጅ የሚል የተጨመረበት ፋይል ካየህም አትደንግጥ፤ መርጅቱል የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ ነው። «መርጅቱል ነጥብ ኪፕባካፕ» የሚለውን ፎልስ ብታደርገው አያስቀምጥም። ለጥቂት ሳምንታት ግን ይቆይልህ እላለሁ።

ወደ 400ው መስመር እንሂድ። «የቱን ልመን?» ላልከው ሁለቱንም እመን። ሁለቱም እውነት ነው የነገሩህ። የሚለያዩት «ልዩነት» የሚሉት ነገር ላይ ነው።

ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣል። ሊኑክስና ማክ አንድ ብቻ። የጄሰን ፋይላችሁ ጊት ውስጥ በአንዱ ምልክት ተቀምጧል፤ ያንተ ማሽን ላይ ደግሞ በሁለቱ ሴቭ ተደርጓል። ለተርሚናሉ እያንዳንዱ መስመር ጫፉ ላይ አንድ ተጨማሪ ምልክት ስላለው እያንዳንዱ ተቀይሯል። ቪኤስ ኮድ ግን መስመሮቹን ከለያቸው በኋላ ጫፋቸውን አያነጻጽርም፤ ስለዚህ በእጅህ የነካሃቸውን ሁለቱን ብቻ ያያል። ለማረጋገጥ «ጊት ኤልኤስ ፋይልስ» ላይ «ኢኦኤል» የሚለውን ጨምር። ጊት ውስጥ ያለውና ማሽንህ ላይ ያለው የመስመር ጫፍ ጎን ለጎን ይወጣል። ቪኤስ ኮድም ከታች በቀኝ በኩል ሲአርኤልኤፍ ወይም ኤልኤፍ ብሎ ይጽፈዋል።

ይህን ለማነጻጸሪያው ልዩነቱን ችላ እንዲል በመንገር እንዳትፈታው። ያ ከዓይንህ ይሰውረዋል እንጂ ከኮሚቱ አያወጣውም። 400ው መስመር ባንተ ስም ይገባል። ከዚያ በኋላ አንድ ትርጉም ማን እንደጻፈው ሲፈለግ ሁሉም ቦታ ያንተ ስም ይመጣል። መፍትሄው ፕሮጀክቱ ውስጥ፣ ከፊቱ ነጥብ ያለው ጊትአትሪቢዩትስ የሚባል ፋይል አስገብቶ፣ ለሁሉም ፋይል ማለትም በኮከብ ምልክት «ቴክስት እኩል ይሆናል አውቶ» ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ፋይል ከፕሮጀክቱ ጋር ኮሚት ስለሚሆን ሁሉም ባልደረባህ ላይ ይሰራል። «አውቶሲአርኤልኤፍ» የሚለውን ኮንፊግ ግን እያንዳንዱ ሰው በየማሽኑ እንደመሰለው ነው የሚያደርገው፤ ጊት ሲጫን የሚመጣውን ጥያቄ ሳያነብ ያለፈ ብዙ ነው። ስለዚህ በእሱ አትተማመን።

ፕሮጀክቱ ውስጥ የመስመር ጫፋቸው ተቀላቅሎ ቀድመው የገቡ ፋይሎች ካሉ «ጊት አድ» ላይ «ሪኖርማላይዝ» ጨምረህ ለብቻው አንድ ኮሚት አድርገው። ከሌላ ስራ ጋር አትደባልቀው። ለባልደረቦችህም ቀድመህ ንገራቸው፤ ያልጨረሱት ብራንች ካላቸው ኮንፍሊክት ይገጥማቸዋል። የዚያን ኮሚት መለያ «ብሌም» (እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያሳየው ትእዛዝ) እንዲዘለው ማድረግም ይቻላል፤ ከጊት 2.23 ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን «ኢግኖር ሬቭስ ፋይል» የሚባል ኮንፊግ አለ።

የመስመር ጫፍ ካልሆነስ? የአማርኛ ፋይል የራሱ ወጥመዶች አሉት። አንዱ ስክሪፕት ነው። በፓይተን ጄሰን ሲጻፍ «ኢንሹር አስኪ» የሚለው ሳይጠፋ ከቀረ ፊደሎቻችን ሁሉ ወደ ቁጥር ኮድ ይለወጣሉ። «ሰ» 1230 የሚል ቁጥር ይሆናል። ለኮምፒውተሩ ትርጉሙ ያው ነው። ለማነጻጸሪያው ግን ፋይሉ ከዳር እስከ ዳር ሌላ ነው፤ የትኛውም የጽሑፍ ማነጻጸሪያ ከዚህ አያወጣህም። ስክሪፕቱ ላይ ፎልስ አድርገው። ከጃቫ 9 በፊት ለተጻፉ የፕሮፐርቲስ ፋይሎችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ያኔ ዩቲኤፍ 8 አይነበብም ነበር፤ ስለዚህ አማርኛው በቁጥር ነው የሚጻፈው።

ሌላው ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደሎች ፋይል ውስጥ የሚቀመጡበት ኮድ፣ ነው። የድሮው ኖትፓድ «ዩኒኮድ» ብሎ ሴቭ የሚያደርገው ዩቲኤፍ 16 ነው። ጊት ያንን እንደ ጽሑፍ አይቆጥረውም፤ «ባይነሪ ፋይል ተለያይቷል» ብሎ ዝም ይላል። ቢዮንድ ኮምፔር ግን ከፍቶ በደንብ ያሳይሃል። ስለዚህ ችግር ያለ አይመስልህም። ወደ ዩቲኤፍ 8 ቀይረውና ኮሚት አድርገው።

በዓይን የማይለዩትም አሉ። አራት ነጥብ አንድ ምልክት ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል። «።» እና «፡፡» ስክሪን ላይ አንድ ይመስላሉ። ማነጻጸሪያው ቀይ ያደርገዋል፤ ልክ ነው፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንዲሁ። አንባቢ አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፣ ፕሮግራሙ ግን ሲፈልግም ሲያነጻጽርም አንድ አይላቸውም። አንድ ተርጓሚ ገብቶ እነዚህን ሁሉ ቢያስተካክል ጥሩ ስራ ነው፤ ነገር ግን ከአዲስ ትርጉም ጋር በአንድ ኮሚት ከመጣ ገምጋሚው እውነተኛውን ለውጥ በዚያ ሁሉ ቀይ መሀል አያገኘውም። ለየብቻ ይግባ።

ቪኤስ ኮድንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አትመነው። «ዲፍኤዲተር ነጥብ ኢግኖር ትሪም ኋይትስፔስ» የሚለው ሴቲንግ ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው። በመስመር መነሻና መድረሻ ያለ የክፍት ቦታ ለውጥ አያሳይም ማለት ነው። ለጄሰን ችግር የለውም። ፓይተንና ያምል ላይ ግን የመስመር መነሻ ክፍት ቦታ ትርጉም አለው። እዚያ ዝጋው።

ወሰኑንም ልንገርህ። በሪሞት ኤስኤስኤች፣ ማለትም በርቀት በተገናኘህበት ሰርቨር ላይ እየሰራህ ከሆነ ጊት የሚሰራው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ላፕቶፕህ ላይ ያለውን ቢዮንድ ኮምፔር አያገኘውም። እዚያ የቪኤስ ኮድን የራሱን ተጠቀም። የዊንዶውስ ሊኑክስ፣ ማለትም ደብሊውኤስኤል ውስጥ የዊንዶውስ ፕሮግራም መጥራት ይቻላል፤ ግን የፋይል አድራሻው አጻጻፍ ስለሚለያይ መተርጎም ይፈልጋል። ለጀማሪ አልመክረውም።

የቀረው የቢዮንድ ኮምፔር የሙከራ ጊዜ ነው። የምትሞክረው የፕሮ እትሙን ነው። ለመግዛት ከወሰንክ ርካሹ ስታንዳርድ እትም ባለ ሦስት ወገን መርጅ እንደሌለው እወቅ፤ ከላይ ያልኩህ ትልቁ ጥቅም የለበትም ማለት ነው። ኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ካርድ መክፈል ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። ክራክ ግን አታውርድ። ይህ ፕሮግራም የድርጅትህን ኮድ በሙሉ ያነባል፣ በፋይሎችህ ላይ ይጽፋል፣ ጊት በጠራው ቁጥር ይነሳል። ማን እንደነካካው የማይታወቅ ቅጂ እዚያ ቦታ አይቀመጥም።

ላንተ የምመክርህ ኬዲፍ3ን ነው። ነጻ ነው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሰራል። መነሻውን፣ ሁለቱን ወገኖችና ውጤቱን በአንድ መስኮት ያሳያል። ጊትም በስሙ ያውቀዋል፤ «ቢሲ» ያልነው ቦታ ላይ «ኬዲፍ3» ብለህ አድራሻውን መስጠት ነው። ሜልድም ጥሩ ነው፣ በተለይ ሊኑክስ ላይ። ዊንመርጅን ፎልደር ለማነጻጸር ከጎኑ ያዘው፤ እሱም ነጻ ነው። ኬዲፍ3 ላይ አንድ ነገር ብቻ ልብ በል። ጊት ሲጠራው ራሱ መፍታት የሚችለውን እንዲፈታ አዝዞ ነው። ሁሉንም መፍታት ከቻለ መስኮት ሳይከፍት ይጨርሳል። ምንም ሳታይ ፋይሉ ተፈትቶ ካገኘኸው አልተበላሸም። ግን ኮሚት ከማድረግህ በፊት ውጤቱን ቪኤስ ኮድ ውስጥ ከፍተህ ከላይ እስከ ታች አንብበው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ዛሬ ጊትአትሪቢዩትስን አስገባና የጄሰኑን ነገር ዝጋ፤ እሱ የቡድኑ ችግር ስለሆነ ይቀድማል። ከዚያ አድራሻውን ወደ ቢኮምፕ ቀይርና የቀረህን የሙከራ ጊዜ ተጠቀምበት። ኬዲፍ3ን አሁኑኑ ጎን ለጎን ጫነው። የሚቀጥለውን ኮንፍሊክት በእሱ ፍታ። ሙከራው ሲያበቃ እጅህ ለምዶት ይጠብቅሃል።